ተዋናይት ነኝ፤ ጋዜጠኛና ደራሲ ልሁን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሀዋሳ ነው። ከቲያትር ክበብ ጀምሬ መድረክ ላይም በሬዲዮ ድራማም ስተውን ቆይቻለሁ። ሥራው አንዴ አለ፣ አንዴ የለም። ቀዳዳውን የምደፍነው በማስታወቂያና ሠርግ ላይ መድረክ በመምራት ነው። አሁን አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ በዘጋቢነት ሊቀጥረኝ ነው። ጓደኞቼ ግን «ዜናውንም ልትተውኚው ነው?» እያሉ ያሾፉብኛል። ልብ ወለድም ጀምሬያለሁ። መነሻዬ መድረክ ላይ ለረጅም ጊዜ የተጫወትኳት ገፀ ባሕርይ ናት። ያነበቡልኝ ሰዎች «ንግግሩ ያምራል፣ ሌላው ግን ባዶ ነው» አሉኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ግቢበት! እኔም የመጣሁት በዚያው መንገድ ነው። አዳማ ውስጥ ከቲያትር ክበብ ወጥቼ ሬዲዮ ገባሁ። ልብ ወለዱ ከዚያ በኋላ መጣ።

ሹፈቱ አያስከፋሽ። ተዋናይ ዘገባ ላይ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ ማድመጥ ያውቃል። አጋርሽ መድረክ ላይ ቃል ሲጠፋው ገና ከዓይኑ ታውቂው የለ? ቃለ መጠይቅ ላይም እንደዚያው ነው። ሰውዬው ዝም ሲል ሌላ ጥያቄ አትደርቢበት። ጠብቂው። ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው።

አንድ ልማድሽን ግን እዚያው መድረኩ ላይ ትተሽው ነይ። የጎደለውን ከራስ መሙላት። መድረክ ላይ ቃል ሲጠፋ ከራስሽ ፈጥረሽ ትቀጥያለሽ፣ ይጨበጨብልሻል። ዘገባ ላይ ሰውዬው «ተቸግረናል» ካለ «ተቸግረናል» ነው። «እየተሰቃየን ነው» ብለሽ አታሳምሪለት። ሌላ ሰው መስለሽ ወሬ ለማውጣጣትም አትሞክሪ። ችሎታው ስላለሽ ፈተናው ላንቺ ይከብዳል። ስምሽንና ጣቢያሽን ተናገሪ፣ ድምፁን እንደምትቀጂም ንገሪው።

ድምፅሽንም ዝቅ አድርጊው። መድረክ ላይ የኋላ ወንበር ድረስ ማሰማት ለምደሻል። ሬዲዮ ላይ የሚሰማሽ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሰው ነው። ወጋየሁ ንጋቱም የመድረክ ሰው ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከበትን ቅጂ ፈልጊና አድምጪ። ገፀ ባሕርያቱ የሚነጋገሩበትን እለፊው። ማንም በማይናገርበት ቦታ ላይ ጆሮሽን ጣይ። ያንቺ ልብ ወለድ የጎደለው እሱ ነው።

ለምን እንደጎደለው ልንገርሽ። ተዋናይ የተጻፈ ንግግር ሲሰጠው ፊቱን፣ እጁን፣ አካሄዱን ከራሱ ያዋጣል። ስትጽፊም ሳታውቂው ያንን እየጠበቅሽ ነው። መጽሐፍ ላይ ግን የሚተውንልሽ የለም።

እስቲ በጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ውረጂ። ደብተር ያዢ፣ ግን ከሰው አፍ የወጣ አንድ ቃል እንዳትጽፊ። ቆሮሶ ዓሣውን የሚያጸዳው ልጅ ቢላዋውን እንዴት እንደሚይዝ እዪ። ክንዱ ላይ የደረቀው ቅርፊት ፀሐይ ሲነካው እንዴት እንደሚያበራ። አባ ኮዳው፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ከጀርባው ቆሞ የሚጣለውን አንጀት ሲጠብቅ። ገዢዋ መቀነቷን ልትፈታ እጇን ሰደደች። ዋጋውን ሰማች። እጇ መንገድ ላይ ቆመ። ያ የቆመ እጅ «ኧረ ተወደደ!» ከሚል ንግግር ይበልጣል። አንቺ ይህን በገዛ እጅሽ ስትሠሪው የኖርሽ ሰው ነሽ፤ አሁን ጻፊው። ሌላ ቀን ደግሞ ለሬዲዮ ትመለሻለሽ። ያን ጊዜ ስም፣ ዋጋ፣ የተባለውን ቃል በቃል ትይዣለሽ። ሁለቱን ደብተር አታቀላቅይ፤ የሰማሽው በአንዱ፣ ያሰብሽው በሌላው።

ጋዜጠኝነትና ልብ ወለድ አብረው አይሄዱም ለሚልሽ በዓሉ ግርማን ጥሪለት። የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ ሆኖ የሠራ ጋዜጠኛ ነው። ልብ ወለዶቹ ዛሬም ከእጅ እጅ ይዞራሉ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ያቺን ገፀ ባሕርይ የጻፋት ማን ነው? አንቺ ካልሆንሽ ሂጂና ደራሲውን አነጋግሪው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ድርሰቱን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የሚሰጠው ለደራሲው ነው። ጥበቃው ዕድሜውን ሙሉ ይዘልቃል፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ተዋናይም መብት አላት፤ ግን በትወናዋ ላይ እንጂ በጽሑፉ ላይ አይደለም። እሺ ካለሽ በጽሑፍ አስፈርሚው፣ ቃል ብቻ አይበቃም። እንቢ ካለሽም አትዘኚ። ነጠላዋን የምትይዝበትን፣ ስትናደድ የምትስቅበትን አንቺ ነሽ ያመጣሽው። ያንን ይዘሽ ሌላ ሴት ፍጠሪ፤ ሌላ ስም፣ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ሕይወት ያላት።

ገንዘቡስ? የዘጋቢ ደመወዝ ብዙ አትጠብቂ። ማስታወቂያውን ደግሞ መተው ይኖርብሻል። ጠዋት ያሞገስሽውን ድርጅት ከሰዓት ልትጠይቂው ብትሄጂ ማን ያምንሻል? ቲያትሩን ግን ለምን ትተዪዋለሽ? ከመፈረምሽ በፊት አለቃሽን ቁርጡን ጠይቂው፤ ቅዳሜና እሁድ መድረክ ላይ መሥራት ይፈቀዳል ወይ? የሠርጉስ? መልሱ ውሉ ላይ ይስፈርልሽ።

ከአሞራ ገደል ስትመለሺ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንደገና ጻፊውና ላኪልኝ። አነበዋለሁ።