«ቁጥሮቹ ከየት መጡ?» ብለሽ መጠየቅሽ ልክ ነው

በሄልዝ ኢንፎርማቲክስ የተመረቀች እህታችን እንዲህ ብላ ጽፋልናለች፦ «ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ሊቀጥረኝ ነው። ለክሊኒኮች በተቀዳ ድምፅ የሚደውል ሲስተም አለው። ደንበኞቹ እዚህ አዲስ አበባም አሜሪካም አሉ። ለሙከራ በኤክሴል የተሞላ የስልክ ቁጥር ሰጥተውኝ ‹ጫኚና አስጀምሪ› አሉኝ። ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ስጠይቅ ‹እሱን ለኛ ተይው› አሉኝ። ሥራ ከፈታሁ ቆየሁ። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?»

እህቴ፣ ሥራ ፈልጎ ማጣት እንዴት እንደሚያደክም አውቃለሁ። ስለዚህ «ይቅርብሽ» ለማለት አልቸኩልም። ያንን ፋይል ግን መልስ ሳታገኚ እንዳትጭኚው።

ሥራው ራሱ ጥሩ ሥራ ነው። ከክፍለ ሀገር ተነስቶ ጥቁር አንበሳ የደረሰ ታካሚ ቀጠሮው መቀየሩን በር ላይ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስቢው። የትራንስፖርቱ፣ የአልጋው፣ የአስታማሚው ወጪ ሁሉ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ቀደም ብላ የምትደርስ አጭር ጥሪ ይህን ታስቀራለች። ደግሞ በተቀዳ ድምፅ ስለ ጤና መስማት ለእኛ አዲስ አይደለም። በኮሮና ጊዜ ስልክ ስንደውል ገና ሳይጠራ እጃችንን እንድንታጠብ ይነገረን ነበር። ያ መልእክት ግን ለሁሉም አንድ ነው። አንቺ የምትልኪው ስለ አንድ ሰው ሕመም ነው። ሕጉ ጠበቅ የሚለውም እዚህ ላይ ነው።

በእኛ አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የጤና መረጃን ከሌላው ለይቶ ልዩ ጥበቃ ይሰጠዋል። ታካሚው ቁጥሩን የሰጠው ለቀጠሮ ከሆነ፣ ለቀጠሮ ብቻ ነው። የጥርስ ማንጫ ማስታወቂያ ላኩልኝ አላለም። «ፈቅዶልናል» የሚል ድርጅት ደግሞ ማስረጃውን የማቅረብ ግዴታው የራሱ ነው። ይህን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

የአሜሪካው ይብሳል። ከስታዲየም ብትደውሉም ስልኩ የሚጮኸው እዚያ ከሆነ የሚሠራው የእነሱ ሕግ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው ቲሲፒኤ (የስልክ ተጠቃሚዎች ጥበቃ) የሚባለው ሕግ፣ ያለ ፈቃድ በተቀዳ ድምፅ ወደ ሞባይል ለተደወለ ለእያንዳንዱ ጥሪ 500 ዶላር ያስከፍላል። አውቆ ላጠፋ ደግሞ እስከ 1,500 ዶላር ይደርሳል። ያንን በኤክሴሉ ቁጥር አባዢው። የኮሙኒኬሽን ኮሚሽናቸው በ2015 እ.ኤ.አ. ለአንዳንድ የጤና ጥሪዎች ያለ ቅድመ ፈቃድ እንዲደወል ፈቅዷል፤ ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። ቁጥሩን ታካሚው ራሱ የሰጠው መሆን አለበት። ደዋዩ ማንነቱን ይናገራል። ጥሪው ከ1 ደቂቃ አይበልጥም፣ ተቀባዩን ወጪ አያስወጣም፣ በቀን 1 በሳምንት ከ3 አያልፍም። ስለ ክፍያም ስለ ሽያጭም አያነሳም። «አትደውሉልኝ» ያለ ሰው ወዲያው ከዝርዝሩ ይወጣል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ ድምፅም ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ሕግ ሥር መሆኑ ተረጋግጧል።

ሕጉ ሁሉ ተሟልቶም ሰው የሚጎዳ ጥሪ አለ። ስልኩን ማን እንደሚያነሳው አታውቂማ። እኛ ጋ ስልክ የቤተሰብ ነው። ሚስት የባሏን፣ ልጅ የእናቷን ታነሳለች። ሲሙ ተዘግቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሽጦም ይሆናል። «የኤችአይቪ መድኃኒትዎን የሚወስዱት ነገ ነው» የሚል ድምፅ ሳሎን ውስጥ በስፒከር ቢሰማ ማን ይመልሰዋል? «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አለዎት፤ ለማረጋገጥ 1ን ይጫኑ» ይበቃል። የክፍሉ ስም ሕመሙን የሚያሳብቅ ከሆነ አይጠራም። ትልልቅ ሰዎች ደግሞ የተቀዳ መሆኑን ሳያውቁ «አቤት ልጄ፣ ደህና ነሽ?» ብለው ይመልሳሉ። ለእነሱ ረጋ ብሎ፣ በአክብሮት፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚናገር መልእክት የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋል። ሲስተሙን ማስጀመር ማንም ቶሎ ይለምደዋል። ይህኛው ግን ታካሚንም መረጃንም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ አንቺ የተማርሽውም ይህንኑ ነው።

ስለ ሰዓቱም ጠይቂ። አሜሪካ የማስታወቂያ ጥሪ የሚፈቀደው በተቀባዩ ሰዓት ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 3 ነው። የካሊፎርኒያ ጠዋት 2 ሰዓት በበጋቸው ለእኛ ምሽት 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ የሌሊት ፈረቃ ሊመጣ ይችላል። ሰርቪስ እንዳለ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ተጽፎ እዪው።

አሁን ለኃላፊው በኢሜይል ጻፊለት፤ በቃል የተባለ ነገር በኋላ ማስረጃ አይሆንሽም። «ታካሚዎቹ ለዚህ ጥሪ መፍቀዳቸውን የሚያሳየውን ሰነድ ብታሳዩኝ ዛሬውኑ እጀምራለሁ» በይው። ካሳየሽ ግቢ። በኤክሴሉ ላይም ማን ፈቀደ፣ መቼ፣ ለምን፣ «ይቅርብኝ» ያለውስ መቼ ነው የሚሉ ዓምዶች ጨምሪ። ይህ ሲቪሽ ላይ የሚጻፍ ሥራ ነው። አሁንም «ለኛ ተይው» ካለሽ አትግቢ፤ ፋይሉንም ከኮምፒውተርሽ አጥፊው። የሆስፒታሎችን የካርድ ክፍልና የሊያዘን ቢሮ ማስታወቂያ መከታተል ጀምሪ። ቀጠሮና ሪፈራል የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው፤ ጥሪውን በትክክል የሚሠራላቸው ሰው እነሱም ይፈልጋሉ።