ያልሰረቀው ስልክ «ተገኘብህ» ተብሎ የተፈረደበት ወንድም

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ጅማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። አንድ ማታ መናኸሪያ አካባቢ ሁለት ፖሊሶች አስቁመው ገንዘብ ጠየቁት። ወረቀቱ የተሟላ ስለነበር አልሰጥም አለ። ጣቢያ ከወሰዱት በኋላ ‹ባጃጅህ ውስጥ የተሰረቀ ስልክ ተገኘ› አሉት። ሲደበደብ አድሮ ጠዋት አንድ ወረቀት ላይ ፈረመ። ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ነው የተጻፈው። እሱ ትንሽ ይናገራል እንጂ ማንበብ አይችልም። በስርቆት 2 ዓመት ከ6 ወር ተፈረደበት። ፍርዱ ከተሰጠ 9 ቀን ሆኖታል። አሁን አንድ ሰው ‹40 ሺህ ብር ካመጣችሁ ጉዳዩን እጨርሳለሁ› ይለናል። ሌሎች ደግሞ የመንግሥት ይቅርታ ጠይቁ ይሉናል። ምን እናድርግ?» እህቱ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉም በፊት ቀኑን እንቁጠር። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 187 መሠረት፣ ይግባኝ የሚል ሰው ይህንኑ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። የመዝገቡ ግልባጭ ከደረሰው በኋላ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻውን የሚያቀርብበት 30 ቀን አለው። ከ15ቱ ቀናት 9ኙ አልፈዋል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ወደ ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር (መዝገብ ቤት) ይሂዱ። የፈረደው የወረዳ ፍርድ ቤት ከሆነ ይግባኙ የሚቀርበው ለጅማ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ቀኑ ቢያልፍ እንኳ በር ሁሉ ተዘጋ ማለት አይደለም። የዘገየው በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ ካስረዳ በቁጥር 191 መሠረት የይግባኝ ማስፈቀጃ መጠየቅ ይችላል። ግን ይህ ፈቃድ ነው፤ ሊከለከልም ይችላል። ገና 6 ቀን እያለዎት ወደዚያ አይሂዱ።

ሬጅስትራር ሲደርሱ የፍርዱን ግልባጭ ብቻ ይዘው አይመለሱ። ሙሉውን የመዝገብ ግልባጭ ይጠይቁ። ክሱ፣ የምስክሮች ቃል፣ የብርበራው ቃለ ጉባኤ፣ የኤግዚቢቱ (በማስረጃነት የተያዘው ስልክ) መረከቢያ፣ ወንድምዎ ፖሊስ ዘንድ የሰጠው ቃል፣ ሁሉም ይኑርዎት። ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። የተፈበረከ ማስረጃ የሚጋለጠው ብዙ ጊዜ ራሱ ፈብራኪው በጻፈው ወረቀት ላይ ነው። ውሸት ሲጻፍ ሰዓት ይፈልጋል፣ ቦታ ይፈልጋል፣ ፊርማ ይፈልጋል። ሦስቱን አስማምቶ መጻፍ ደግሞ ቀላል አይደለም።

ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ በ1974 እ.ኤ.አ. መጠጥ ቤቶች ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። በ1975 ስድስት ሰዎች ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በ1991 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ፍርዱን ካፈረሱት ነገሮች አንዱ ፖሊስ «ሲናገሩ እየሰማሁ የጻፍኩት» ያለው ማስታወሻ ነው። ወረቀቱ በመሣሪያ ሲመረመር በአንድ ጊዜ የተጻፈ አለመሆኑ ታወቀ። ይህ እስኪሆን ግን ሰዎቹ 16 ዓመት ታስረዋል። ወረቀቱን ዛሬውኑ ይመርምሩ የምለው ለዚህ ነው።

በእናንተ ጉዳይ እኔ መጀመሪያ የማየው ብርበራውን ነው። ባጃጁ የተፈተሸው የት ነው? መንገድ ላይ፣ ወንድምዎ ፊት? ወይስ አንዱ ፖሊስ እየነዳ ጣቢያ ካደረሰው በኋላ? ሁለተኛው ከሆነ፣ በመሐል ባለው ጊዜ ባጃጁ በማን እጅ ነበር የሚለውን ዐቃቤ ሕግ መመለስ አለበት። የደረጃ ምስክሮቹስ፣ ማለትም ብርበራውን አይተናል ብለው የፈረሙት፣ እነማን ናቸው? ስልኩ ሲወጣ አይተዋል ወይስ ጣቢያ ተጠርተው ጠረጴዛ ላይ ያለ ስልክ አይተው ፈረሙ? «ስልኩን አይቻለሁ» ማለት እና «ስልኩ ከባጃጁ ሲወጣ አይቻለሁ» ማለት የተለያዩ ምስክርነቶች ናቸው። ልዩነቱ ብዙ ፍርድ ላይ ተዘሎ ይታለፋል። ይግባኙ ላይ በደማቁ ይጻፍ።

ቀጥሎ ስልኩ ራሱ አለ። እያንዳንዱ ስልክ 15 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለው፤ *#06# ሲደወል የሚወጣው ማለት ነው። መዝገቡ ላይ ይህ ቁጥር ተጽፏል? ባለቤቱ ነው የተባለው ሰው ከያዘው ካርቶን ወይም ደረሰኝ ጋር ተመሳክሯል? ስልኩ ጠፋ ከተባለበት ቀን በኋላ የማን ሲም ካርድ ገብቶበት እንደሠራ ከቴሌኮም ድርጅቱ መረጃ ሊገኝ ይችላል። እናንተ ብትጠይቁ አይሰጣችሁም። ፍርድ ቤት ሲያዝ ግን ይሰጣል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ተጨማሪ ማስረጃ እንዲቀርብ ማዘዝ እንደሚችል ቁጥር 194 ላይ ተደንግጓል። ማመልከቻው ይህን ትእዛዝ በግልጽ ይጠይቅ። ስልኩ ጠፋ በተባለበት ሰዓት ወንድምዎ ተራ ላይ ከነበረ ደግሞ ተራ አስከባሪው እና አብረውት የተሰለፉት ልጆች ያውቃሉ። ስማቸውን ሳይረሱት ይያዙ።

አሁን ወደ ፈረመው ወረቀት ልምጣ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ፣ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ያለመናገር መብት እንዳለው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይላል። በኃይል የተገኘ የእምነት ቃል ማስረጃ አይሆንም። ጅማ ላይ የፖሊስም የፍርድ ቤቱም የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ በዚህ ስህተት የለም። ስህተቱ ማንበብ የማይችለውን ሰው ሳይተረጎምለት ማስፈረም ነው። ወረቀቱ ላይ «ተተርጉሞለት ተረድቶ ፈረመ» የሚል ቃል አለ? አስተርጓሚው ማን ይባላል? ችሎት ላይስ በአንቀጽ 20 መሠረት አስተርጓሚ ተመድቦለት ነበር? አንድ ነገር ደግሞ ወንድምዎን በግልጽ ይጠይቁት፤ ከጣቢያው ሌላ ዳኛ ፊት ቀርቦ ቃሉን ሰጥቷል? በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 35 ዳኛ ፊት የተመዘገበ ቃል ክብደቱ ይለያል። የጠበቃው ሥራም በዚያው ልክ ይከብዳል።

ድብደባውን በተመለከተ፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ ከነበረ ካርዱን ያውጡ። ማረሚያ ቤት ሲገባ የጤና ምርመራ ተደርጎለት ከሆነ እሱም መዝገብ ነው።

ስለ 40 ሺህ ብሩ፦ አይስጡ። ይህን ስል ጭንቀታችሁ ጠፍቶኝ አይደለም። ልጅ ታስሮ፣ እናት እያለቀሰች፣ «በሳምንት አስወጣዋለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ቤተሰብ ማሩን ነው የሚሰማው። ግን በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ የሰጠም እንደተቀበለው ይከሰሳል። ጉቦ አልሰጥም ብሎ የታሰረ ልጅ ስላላችሁ ብቻ እንኳ ይህን ሰው በራችሁ ላይ ማቆም የለባችሁም። ደግሞ ይግባኝ የሚያሸንፍ ሰው ብር ይዞ አይሄድም፤ መዝገብ ይዞ ነው። ጠበቃ መቅጠር ካልቻላችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ግልባጩን ይዛችሁ ሂዱ። ተከላካይ ጠበቃ እንዲቆምለትም ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል።

ፖሊሶቹን መክሰስ ይቻላል? አዎ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 የተያዘን ሰው በማስፈራራት ወይም በመደብደብ ቃል መቀበል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሥልጣንን አላግባብ መጠቀም እና በሐሰት መመስከርም እንዲሁ። አቤቱታውን ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ አቅርቡ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ጅማ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው። ያስገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ኮፒ ይዛችሁ ውጡ። አቤቱታው ግን የይግባኙን ቀን አያቆመውም። «መጀመሪያ ፖሊሶቹ ይጠየቁ» ብለው ሲጠብቁ የይግባኝ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ቤተሰቦች አጋጥመውኛል፤ በጣም ያሳዝናል።

የሚያሳዝነውም ሕጋችን ከዚያ በኋላ ጠባብ ስለሆነ ነው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ፍርዱ በሐሰተኛ ማስረጃ ወይም በጉቦ እንደተሰጠ ከተደረሰበት፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 6 መዝገቡ ተመልሶ እንዲታይ ይፈቅዳል። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም። ለመሬት ክርክር የተከፈተ በር ለታሰረ ሰው አለመከፈቱ፣ በእኔ እምነት፣ ሕግ አውጪው ቶሎ ሊያርመው የሚገባ ጉድለት ነው። ከይግባኝ በኋላ የሰበር ችሎት አለ፤ ነገር ግን ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን እንጂ ማን ምን አየ የሚለውን አይደለም። ስለዚህ የፍሬ ነገሩ ክርክር የሚያልቀው ይግባኙ ላይ ነው።

ይቅርታ ጠይቁ ለሚሏችሁም መልሴ «አሁን አይደለም» ነው። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል እንጂ ጥፋተኛ የተባለበትን ፍርድ አይፍቅም። ወንድምዎ ነገ የመንጃ ፈቃድ ወይም የሥራ ጉዳይ ሲገጥመው ፍርዱ ይከተለዋል። ይግባኙ ተሰምቶ እስኪያልቅ ድረስ ማረሚያ ቤት ውስጥ «አጥፍቻለሁ፣ ተጸጽቻለሁ» የሚል ቅጽ እንዳይፈርም ዛሬውኑ ሄደው ይንገሩት።