የጁዶ የመጀመሪያ ስልቶችና ፍልስፍናው፦ ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችን ያቀረቡት ጥያቄ ሁለት ነገር አጣምሮ የያዘ ነው። ልጃቸው በቅርቡ ጁዶ ጀምሯል፤ ባለቤታቸው ግን «የዛሬው ጁዶ ጥርስ አልባ ነው፤ የጥንቶቹ አደገኛ ስልቶች ተለቅመው ወጥተው የቀረው ስፖርትና ስብከት ነው» እያሉ ይሞግታሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ስልቶች ምን እንደነበሩ፣ ፍልስፍናውም ከመነሻው የነበረ ይሁን ወይስ በኋላ ለጌጥ የተለጠፈ፣ ማወቅ ይፈልጋሉ። እኔ በጀርመን አገር በአንድ የሰፈር ክለብ ለብዙ ዓመታት ስሠለጥን፣ ኋላም ልጆችን ሳሠለጥን የቆየሁ ሰው ስለሆንኩ፣ በዚህ ጉዳይ ያነበብኩትንና በምንጣፍ ላይ ያየሁትን አያይዤ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የእኔን አቋም አስቀድሜ ልናገር። የጁዶ ፍልስፍና ከስልቶቹ ውስጥ ተፈልቅቆ የወጣ እንጂ ከውጭ መጥቶ የተደረበባቸው አይደለም። አደገኛ የሚባሉትን ስልቶች ከነጻው ልምምድ ማውጣትም ጁዶን ያበረታው ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ለማስረዳት ግን ከመሥራቹ መነሳት ይኖርብኛል።

ጂጎሮ ካኖ በ1860 በኮቤ አቅራቢያ በምትገኘው ሚካጌ፣ ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥ በመጥመቅ ከሚተዳደር ቤተሰብ ተወለዱ። ቶኪዮ መጥተው ሲማሩ ቁመታቸው አጭር፣ ሰውነታቸውም ደቃቃ ስለነበር ጉልበተኛ ተማሪዎች መጫወቻ አድርገዋቸው ነበር፤ ጁጁትሱ የተባለውን የቆየ የጃፓን የባዶ እጅ ፍልሚያ ለመማር የቆረጡትም በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ዘመኑ የሳሙራይ ሥርዓት ፈርሶ የቆየው የጦር ጥበብ የተናቀበት ስለነበር መምህር ማግኘት ቀላል አልሆነላቸውም። አንዳንዶቹ ባለሙያዎች ወጌሻ ሆነው ይተዳደሩ ስለነበር ካኖም የመጀመሪያ መምህራቸውን ፉኩዳ ሃቺኖሱኬን ያገኙት በ1877 በአንድ ወጌሻ በኩል ነው። ፉኩዳ የሚያስተምሩት ቴንጂን ሺንዮ ሪዩ የተባለውን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ትኩረቱም በምት፣ በማነቅ፣ መገጣጠሚያ በመቆለፍና ባላጋራን መሬት ላይ አፍኖ በመያዝ ላይ ነበር። የማስተማሪያ ዘዴያቸው ደግሞ አይረሴ ነው፤ ተማሪው «ይህን ስልት እጄንና እግሬን እንዴት አድርጌ ልሥራው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ እንደገና አንስቶ መጣል፣ ሲነሳም መልሶ መጣል ነበር። ብዙ ጊዜ ከተጣልክ ይገባሃል እንደ ማለት ነው።

ፉኩዳ በ1879 ከሞቱ በኋላ ካኖ ከዚያው ትምህርት ቤት ከኢሶ ማሳቶሞ ዘንድ ቀጠሉ፤ እርሳቸውም በ1881 ሲያርፉ ወደ ኢኩቦ ሱኔቶሺ ሄደው የኪቶ ሪዩን ስልት ተማሩ። ኪቶ ሪዩ ጥሩር ለበሰው የሚዋጉ ሰዎችን መጣል ይታሰብበት የነበረ አሮጌ ትምህርት ቤት ስለሆነ ዋና ሀብቱ የመጣል ስልት ነው። እንግዲህ የጁዶ የመጀመሪያ ስልቶች ከሁለቱ የተገኙ ናቸው፤ በመሬት ላይ የሚደረገው ትግል በአብዛኛው ከቴንጂን ሺንዮ፣ ቆሞ መጣሉ በአብዛኛው ከኪቶ። ለኪቶ ሪዩ ክብር ሲባል የተጠበቀው ኮሺኪ ኖ ካታ፣ ማለትም በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠራው የጥንት ስልቶች ስብስብ፣ ዛሬም በሥነ ሥርዓት ይታያል፤ ተጫዋቾቹ ጥሩር የለበሱ ያህል ከብደውና ተረጋግተው ሲንቀሳቀሱ ላየ ሰው የስልቱ ዕድሜ ወዲያው ይገባዋል።

በ1882 ካኖ ገና የ20ዎቹን ዕድሜ እንደጀመሩ፣ ቶኪዮ ውስጥ ኤይሾጂ በተባለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት መሠረቱ። የመለማመጃው ቦታ 12 የታታሚ ምንጣፍ ብቻ የሚይዝ ክፍል ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡት ተማሪዎች 9 ነበሩ። መውደቅና መነሳቱ ወለሉን እያናጋው የሟቾች መታሰቢያ ጽላቶች ከመደርደሪያቸው ስለሚወድቁ መነኩሴው ያማርሩ እንደነበር፣ ካኖም ማታ ማታ ፋኖስ ይዘው ከወለሉ ሥር እየገቡ የተሰበረውን ይጠግኑ እንደነበር ይተረካል። ዛሬ የኮዶካን ዋና አዳራሽ 420 ምንጣፍ ይይዛል፤ እኔ በእንግድነት ገብቼ በተለማመድኩ ጊዜ ከአዳራሹ ስፋት ይልቅ የገረመኝ፣ በአንድ ጥግ ሽማግሌዎች ሲለማመዱት ያየሁት ስልት ያው የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ስልት መሆኑ ነው።

ባለቤትዎ ወዳነሱት ክርክር ልመለስ። ካኖ ልምምዱን በሁለት ከፈሉት። ካታ በተባለው ክፍል ሁለት ሰዎች አስቀድሞ የታወቀውን እንቅስቃሴ በቅደም ተከተል ያከናውናሉ፤ ምት፣ የቢላና የሰይፍ ጥቃት መከላከል፣ ሌላውም አደገኛ ነገር በዚህ ውስጥ ተጠብቋል፤ ለምሳሌ ኪሜ ኖ ካታ ይህን ሁሉ ይዟል። ራንዶሪ በተባለው ሁለተኛ ክፍል ግን ሁለቱም ሰዎች በሙሉ ኃይላቸው፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ሳያውቅ ይታገላሉ። ስለዚህ ከዚህኛው ክፍል ምትና ጣት ማጣመም ወጡ፤ መገጣጠሚያ መቆለፍም ቀስ በቀስ በክርን ብቻ ተወሰነ። ከዚህ ጋር ሳይጎዱ የመውደቅ ጥበብ፣ ማለትም ኡኬሚ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ሆነ።

የዚህ ውሳኔ ፍሬ ብዙ ጊዜ አይታሰብም። ዓይን የመውጋት ስልት የሚማር ሰው ስልቱን በእውነተኛ ሰው ላይ በእውነተኛ ፍጥነት አንድም ቀን ሊሠራው አይችልም፤ ስለዚህ መሥራቱን በእምነት ይቀበላል። የማይፈልግን ባላጋራ መጣል የሚማር ሰው ግን ዕለት ዕለት ይፈተናል፤ ያልሠራው ስልት ወዲያው ይጋለጣል። «አደገኛው ስለወጣ ደከመ» የሚለው ክርክር ውሃ የማያነሳው ለዚህ ነው። የኮዶካን ድክመት የታየው በሌላ በኩል ነው፤ መጀመሪያ ላይ ቆሞ መጣልን ከመጠን በላይ ያተኮሩበት ስለነበር፣ ፉሰን ሪዩ ከተባለው የጁጁትሱ ትምህርት ቤት የመጣው ማታዬሞን ታናቤ ወደ መሬት እየሳበ ሲያሸንፋቸው የመሬቱን ትግል በትጋት ማጥናት ግድ ሆነባቸው።

ነጻው ልምምድ ያስገኘው ትልቁ ግኝት ደግሞ ኩዙሺ ነው፤ ሰውን ከመጣል በፊት ሚዛኑን ማሳጣት ማለት ነው። ኢኩቦ ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ቢሆንም ካኖን እንደፈለጉ ይጥሏቸው ነበር። ኮዶካን ከተመሠረተ በኋላ አንድ ቀን ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ካኖ መምህራቸውን ደጋግመው ጣሉ፣ ራሳቸው ግን አልወደቁም። ኢኩቦ ምክንያቱን ሲጠይቁ፣ ካኖ ባላጋራ ሲገፋ ወይም ሲጎተት የሰውነቱ ሚዛን ወዴት እንደሚሄድ እያጠኑ መሆናቸውን፣ ሚዛኑ ሳይናጋ ለመጣል አለመሞከራቸውን አስረዱ። መምህሩም ከዚህ በኋላ የማስተምርህ የለኝም ብለው የትምህርት ቤታቸውን ምስክርነት ሰጧቸው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ከአንድ ስልት ላሳይ። ኡኪ ጎሺ የተባለው የወገብ ስልት ካኖ የሚታወቁበት ነበር። ቀኝ እጅ በባላጋራው ብብት ሥር አልፎ ጀርባውን ያቅፋል፤ ደረቱ ከጣዩ ጎን ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ መሸከምና ማንሳት የለም፣ ወገብ ይዞራል፣ ሰውየው ይወድቃል። ሺሮ ሳይጎ የተባለው ተማሪያቸው ይህን ከማወቁ የተነሳ የመምህሩን ወገብ እየዘለለ ማምለጥ ጀመረ። ካኖም እግራቸውን ዘርግተው የሚዘልበትን መንገድ በመጥረግ መለሱለት፤ ሃራይ ጎሺ የተባለው ስልት የተገኘው እንዲህ ነው። ሁለቱም ናጌ ኖ ካታ በተባለው የመጣል ስልቶች ካታ ውስጥ ተከታትለው ተቀምጠዋል።

ልጆችን ኡኪ ጎሺ ሳስተምር ሁልጊዜ የማየው አንድ ስህተት አለ፤ ወገባቸውን አስገብተው ሲያበቁ ጓደኛቸው ግን በሁለት እግሩ ተደላድሎ እንደ ቆመ ነው። ያን ጊዜ ጉልበት ያለው ልጅ እየጎተተ ይጥለዋል፣ የሌለው ደግሞ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ የተጣዩን ተረከዝ ብቻ እመለከታለሁ። የሳበው እጅ ሥራውን ከሠራ፣ ተረከዙ ከምንጣፉ ወረቀት በሚያስገባ ያህል ብቅ ይላል፣ ክብደቱም በጣቶቹ ላይ ያርፋል። «አሁን!» የምለው ያኔ ነው። በክለባችን በጣም ቀላሏ ልጅ እጥፍ የሚከብዳትን ልጅ የጣለችው በዚህ ቅጽበት ነው፤ ልጁ እንዴት እንደወደቀ አልገባውም፣ እርሷም አልገባትም ነበር።

ፍልስፍናውም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ካኖ ነገሩን በቁጥር ያስረዱት ነበር፦ የባላጋራዬ ኃይል 10፣ የእኔ 7 ቢሆን፣ ሲገፋኝ ብቋቋመው እሸነፋለሁ፤ ግፊቱን ተከትዬ ብመለስ ግን ሚዛኑን ስቶ ኃይሉ ወደ 3 ይወርዳል፣ የእኔ 7 እንዳለ ነው፣ እንዲያውም ግማሹ ይበቃኛል። ብዙ ሰው ጁዶን እዚህ ላይ አቁሞ መተው ወይም መለሳለስ ነው ብሎ ይደመድማል። ካኖ ግን አላቆሙም። ከኋላ ጠምጥሞ የያዘህን ሰው በመለሳለስ አታመልጠውም፤ እጅህን አጥብቆ የያዘውንም እንዲሁ፤ በእነዚህ ጊዜ ኃይልን በቀጥታ መጠቀም ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁሉንም የሚጠቀልል ሌላ ሕግ ፈለጉ፤ እርሱም አእምሮንና ጉልበትን ለታሰበው ዓላማ ከሁሉ በተሻለ መንገድ ማዋል የሚለው ሴይርዮኩ ዜንዮ ነው። እንግዲህ ይህ መርሕ የተገኘው የመጀመሪያው ሐሳብ በምንጣፍ ላይ ተፈትኖ ጎዶሎ ሆኖ ስለተገኘ ነው።

ራስንም ሌላውንም አብሮ መጥቀም የሚለው ጂታ ክዮኤይም ከራንዶሪ የራቀ አይደለም። ጓደኛው ሰውነቱን ካላዋሰው ማንም ሰው መጣል አይማርም፤ የሚጎዳው ከሆነ ደግሞ ነገ የሚለማመድበት አያገኝም። ሁለቱ መርሖች በዚህ ቅርጽ የታወጁት በ1922 ስለሆነ «በኋላ የመጣ ነው» ማለት በከፊል እውነትነት አለው። ነገር ግን ካኖ በ1889 ለአስተማሪዎች ባደረጉት ንግግር ጁዶን የሰውነት ማጎልመሻ፣ የፍልሚያና የግብረ ገብ ትምህርት አድርገው አቅርበውታል፤ ከካታና ከራንዶሪ ጎንም ገለጻና ጥያቄና መልስ የሥልጠናው ክፍሎች ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ሁለቱን መርሖች ግድግዳ ላይ ሰቅለው በልምምድ ሰዓት የሚረሷቸው ክለቦች ጥቂት አይደሉም፤ ባለቤትዎ ስብከት ያሉት ይህን አይተው ከሆነ አልፈርድባቸውም።

በአንድ ነገር ደግሞ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው፤ የተቀነሰ ስልት አለ፣ ዋናው ቅነሳ ግን የተፈጸመው በእኛው ዘመን ነው። ካታ ጉሩማ የተባለውን ስልት ካኖ የሠሩት በጣም የሚከብዳቸውን ተማሪ ለመጣል የምዕራባውያንን ትግል አጥንተው ነው፤ የባላጋራን ጭን ይዞ በትከሻ ላይ ማሳለፍ ነው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ2010 ጀምሮ በውድድር እግር መያዝን ስለገደበ፣ ኋላም ጨርሶ ስለከለከለ፣ የመሥራቹ ስልት በቀድሞ መልኩ በውድድር ቢሠራ ያስቀጣል። በናጌ ኖ ካታ ውስጥ ግን ሦስተኛው ስልት ሆኖ እስከ ዛሬ አለ፤ እኔም ለጥቁር ቀበቶ ስፈተን ሠርቼዋለሁ።

ስለዚህ ከልጅዎ አሠልጣኝ ጋር ሲገናኙ ስለ ፍልስፍና ከሚጠይቁ ይልቅ፣ ክለቡ ናጌ ኖ ካታን ያስተምር እንደሆነና ልጆቹ ቀበቷቸው ከፍ ሲል የሚጀምሩት መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። የሚያስተምር ከሆነ ልጅዎ የመጀመሪያዎቹን ስልቶች ያገኛቸዋል፤ የማያስተምር ከሆነ በአካባቢዎ የካታ ሥልጠና የሚሰጥ ሌላ ክለብ መኖሩን የአገሩ የጁዶ ፌዴሬሽን ሊነግርዎ ይችላል።