የአሮጌ ሃይሉክስ የመሪ ዘይት መፍሰስ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ፓወር ስቲሪንግ (መሪን በዘይት ግፊት የሚያቀልለው መሣሪያ) ዘይት መፍሰስ በርካታ ጥያቄዎች ስለደረሱኝ አሰባስቤ እመልሳለሁ። በቅርብ የማውቀው እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የተሠራውን፣ የፊት ተሸካሚው ባሌስትራ የሆነውን ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሃይሉክስ ነው፤ ይሁንና አብዛኛው ሐሳብ የመሪ ሳጥን (የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ሳጥን) ላላቸው ሌሎች አሮጌ ፒካፖችም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መኪናዬ ባደረችበት ቦታ ጠዋት ዘይት አገኛለሁ። መካኒኩ ፓምፑ ይቀየር ብሎኛል። ልግዛ?

ወንድሜ፣ ገና አይግዙ። በመጀመሪያ የፈሰሰው ምን እንደሆነ ይለዩ። የመሪ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ሲሆን ሲያረጅ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ጥቁር ከሆነ ግን የሞተር ዘይት ሊሆን ስለሚችል ነገሩ ሌላ ነው። ቀጥሎም ፓምፑን፣ ቱቦዎቹንና የመሪ ሳጥኑን በሳሙናና በውሃ አጥበው በደንብ ያድርቁ። በአቧራ መንገድ የሚሠራ መኪና ላይ አቧራው ከዘይቱ ጋር ስለሚጋገር፣ ሳይታጠብ የሚደረግ ምርመራ ከግምት አያልፍም። ከታጠበ በኋላ ሞተሩን አስነሥተው አንድ ሰው መሪውን ቀስ እያለ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲያዞር ያድርጉ፤ እርስዎ ደግሞ በባትሪ እያበሩ ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ። ዘይት ወደ ታች ስለሚወርድና መኪናው ሲሄድ ነፋስ ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ፓምፕ ገዝቶ ካስገጠመ በኋላ መፍሰሱ ያልቆመለት ደንበኛ መጥቶልኝ ያውቃል፤ ጥፋቱ ከፓምፑ በላይ ያለው ላስቲክ ቱቦ መሰንጠቁ ነበር። ያ ሰው ያወጣው ገንዘብ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ቱቦው መሆኑ ከታወቀ፣ ቆርጦ በማጥበቂያ ቀለበት ማሰር ይቻላል?

የትኛው ቱቦ እንደሆነ ይወስነዋል። ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው የሚመልሰው ቱቦ ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ለዘይት የተሠራ ላስቲክ አስገብቶ በቀለበት ማሰር ይቻላል። ከፓምፑ ወደ መሪ ሳጥኑ የሚሄደው ግን መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ከ70 ባር በላይ ግፊት ሊሸከም ስለሚችል በቀለበት መታሰር ፈጽሞ የለበትም። ቢያመልጥ ዘይቱ በጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ ተረጭቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ይህን ቱቦ አዲስ ይግዙ፣ ወይም ሃይድሮሊክ ቱቦ በማሽን የሚጨምቁ ባለሙያዎች ዘንድ ወስደው ያሠሩ። ቱቦውን በሚያስረው ብሎን በኩል የሚገቡት የመዳብ ቀለበቶችም ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ።

ጥያቄ፦ ዘይቱ ሲጎድል የፍሬን ዘይት ብጨምርበት በመሪው ውስጥ ያሉት ዘይት የሚዘጉ ጎማዎች አብጠው መፍሰሱን ያቆማሉ ይባላል። እውነት ነው?

እባክዎ አያድርጉት። የፍሬን ዘይት በመሪው ውስጥ ያሉትን ጎማዎች ያበላሻል፤ ለጥቂት ቀናት የቆመ ቢመስልም ኋላ ከሁሉም አቅጣጫ ይፈሳል። ለዚህ መኪና የሚሆነው ዴክስሮን 2 ወይም 3 የተባለው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ከምልክቱ በላይ አይሙሉ፤ ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ በክዳኑ በኩል ይወጣና ያልተበላሸውን ዕቃ የተበላሸ ያስመስለዋል።

ጥያቄ፦ ከመሪ ሳጥኑ ሥር ያለው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ጎማ) በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ አሁንም ያፈሳል። ለምን?

እህቴ፣ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ስለሚያባክን ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ኦይል ሲሉ የሚጠብቀው ከሳጥኑ የሚወጣውን ዘንግ ነው። ዘንጉን የሚይዘው ኩሽኔታ ካለቀ ዘንጉ ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል፤ እንዲህ እየተንቀሳቀሰ የትኛውም አዲስ ጎማ አይጠብቅም። ስለዚህ በዘንጉ ጫፍ ያለውን ክንድ ይዘው ወደ ጎን ሲገፉት መጫወቱን ይመልከቱ። ጎማው የሚያርፍበት ቦታ ዝጎ ወይም ተቦርቡሮ ከሆነም አዲሱ ጎማ ቶሎ ይቆረጣል። ሌላው ስሕተት የአገጣጠም ነው፦ የዘንጉ ጫፍ ጥርስ ስላለው፣ ጎማው ሲገባ ከንፈሩን እንዳይቆርጠው ጥርሱን በቀጭን ፕላስተር መሸፈን ያስፈልጋል። ክንዱ ከመነቀሉ በፊት በእሱና በዘንጉ ላይ ምልክት ይደረግ፤ በመዶሻ ከመደብደብ ይልቅም መንቀያ ይጠቀሙ። በመጨረሻም የመመለሻው ቱቦ ተጣምሞ ወይም ተዘግቶ እንደሆነ ይታይ፤ ዘይቱ መመለሻ ሲያጣ ግፊቱ ይህንኑ ጎማ ይገፋዋል። ኩሽኔታውና ዘንጉ ካለቁ፣ ጥሩ ሆኖ የተገኘ ያገለገለ ሳጥን አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ መግዛት ጎማ ደጋግሞ ከመቀየር ይሻላል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ1994 ባለ ቤንዚን ቶዮታ ፒካፔ መሬት ላይ ጠብታ ሳይኖር የመሪ ዘይት ይጎድልበታል፤ ጭስም ያወጣል።

ፓምፑ ላይ በቀጫጭን ቱቦዎች ከሞተሩ አየር ማስገቢያ ጋር የተገናኘች ትንሽ ቫልቭ አለች። ሥራዋ መሪው ሲዞር ሞተሩ እንዳይጠፋ ዙሩን ከፍ ማድረግ ነው። ስትበላሽ ሞተሩ የመሪውን ዘይት ስቦ ያቃጥለዋል። አንዱን ቱቦ ነቅለው ውስጡን ይመልከቱ፤ ዘይት ካለበት ቫልቭዋን ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ከጥገናው በኋላ መሪው ይጮኻል፣ ዘይቱም አረፋ ይዟል።

አየር አለበት። የፊቱን ክፍል በክሪክ አንሥተው በብረት ድጋፍ ላይ ያሳርፉ። ሞተሩ ሳይነሣ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው 20 ጊዜ ያህል ያዙሩ፤ ዘይቱ ሲጎድል እየሞሉ ይቀጥሉ። ከዚያም ሞተሩን አስነሥተው ይድገሙት፤ ነገር ግን መሪውን መጨረሻ ላይ ይዘው ከ10 ሰከንድ በላይ አይቆዩ። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ከፍታ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከጨመረ አየሩ ገና አልወጣም። ደጋግመውም አየሩ አልወጣ ካለ፣ ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወስደው ቱቦ ላልቶ ይሆናል፤ ይህ ቱቦ ዘይት ሳያፈስ አየር ሊስብ ይችላል።

ጥያቄ፦ የመሪ ዘይቱ እየፈሰሰ ከደሴ አዲስ አበባ መሄድ እችላለሁ?

አልፎ አልፎ የሚንጠባጠብ ከሆነ ዘይት ይዘው፣ በየፌርማታው እየለኩ ሊደርሱ ይችላሉ። በጅረት የሚወርድ ከሆነ ግን አይነሡ። ዘይቱ ካለቀ መሪው ባይቋረጥም እጅግ ይከብዳል፣ ፓምፑም ይቃጠላል፤ ይህ የመሪው መክበድ፣ ጭነት ይዘው በመንገዱ ላይ ያለውን የጣርማ በር ዳገት ሲወጡ፣ ኩርባው ላይ ሊደርስብዎት ይችላል። ፓምፑን በሚያዞረው ቺንጋ ላይ ዘይት ካረፈም አብሮ ያስቀይሩት።