የሃንስ ኦልሰን አባት

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። እናቷ የደሴ ልጅ ናት፣ አባቷ ደግሞ የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ገበሬ ልጅ። «ጋሼ፣ የአባቴን ዘር እየቆጠርኩ ነው። ኢንተርኔቱ ባንድ ማታ ስድስት ትውልድ አወጣልኝ። ታዲያ መዝገብ ለማየት እዚያ ካውንቲ (ወረዳ በሉት) ድረስ ሦስት ሰዓት የምነዳው ለምንድነው?» አለችኝ።

እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ የመቃብር ድንጋይ ፊቴ ላይ ተገተረ። መልሱን እንግዲህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ለምትጠይቁትም እጽፋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምዕራብ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ከበቆሎና ከአኩሪ አተር ሌላ ምንም በማይታይበት አንድ ካውንቲ፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። ደመወዜ ላይ፣ የቢሮዬ በር ላይ፣ ሁሉም ቦታ የምጠራው በአባቴ ስም ነው። መጀመሪያ ላይ አባቴን የጠሩት እየመሰለኝ ዞር እል ነበር። ኋላ ለመድኩት። መልመዴ ነው ጉድ የሠራኝ።

1999፣ ኅዳር ውስጥ፣ ዓርብ ከሰዓት። በረዶ ሊጥል ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይጣደፋል። ሰማንያ ያለፋቸው አንዲት እናት ገቡ። ጓንታቸውን አውልቀው በፎይል የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ለፍሰ ነው፤ ኖርዌጂያኖች ከድንች የሚጋግሩት ስስ ቂጣ። ቅቤና ስኳር ተቀብቶ ተጠቅልሏል። እስካሁን ሙቀት ነበረው።

የመጡት ለቅድመ አያታቸው ነው። የመቃብሩ እብነ በረድ ታጥቦ ፊደሉ አይነበብም። ቤተሰቡ ገንዘብ አዋጥቶ ግራናይት ሊያቆም ነው። «የእገሌ ልጅ» ተብሎ እንዲጻፍበት ይፈልጋሉ፤ የአባቱን ስም ግን የሚያውቅ የለም። ሰውዬውን ሃንስ ኦልሰን እንበለው። በዚያ አካባቢ ሃንስ ኦልሰን ማለት እንደ እኛ አበበ ከበደ ነው።

ሰዓቴን አየሁ። የመኪናዬ ጎማ አልቋል፣ መንገዱ ሩቅ ነው። የ1870ን ሕዝብ ቆጠራ ማይክሮፊልም አወጣሁ። ሃንስ ኦልሰን፣ 28 ዓመት፣ ገበሬ፣ ትውልድ ኖርዌይ። ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ ፒተር ኦልሰን፣ 55 ዓመት፣ ትውልድ ኖርዌይ። የ1870 ቆጠራ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቅም። ዝምድና የሚል ዓምድ የገባው በ1880 ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ለሌላ ሰው ስንቴ አስረድቻለሁ። ግን ስሙ አንድ፣ ቤቱ ቅርብ ለቅርብ፣ ዕድሜውም ልክ። በቢጫ ወረቀት «ፒተር ኦልሰን» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አጥፈው ጓንታቸው ውስጥ ከተቱት። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። በረዶው ሳይጥል ቤቴ ደረስኩ፤ ለፍሰውን መንገድ ላይ ጨረስኩት።

ሦስት ዓመት አለፈ። ልጄን ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ሄድኩ። ጸሐፊዋ፣ የልጅቷና የእርስዎ የመጨረሻ ስም ለምን አይገጥምም አለችኝ። የለመድኩትን ማብራሪያ ጀመርኩ። «የእኛ ሁለተኛ ስም የቤተሰብ ስም አይደለም። የእሷ የእኔ ስም ነው፣ የእኔ ደግሞ የአባቴ...» ሳልጨርስ ላብ አጠመቀኝ።

ኦልሰን ማለት የኦሌ ልጅ ማለት ነዋ! የፒተር ልጅ ቢሆን ሃንስ ፒተርሰን ይባል ነበር። ፒተር ኦልሰን የሌላ ኦሌ ልጅ ነው፤ ጎረቤት እንጂ አባት አይደለም። ኖርዌይ ገጠር ውስጥ ስም እንደ እኛው ነበር የሚሄደው። ሴቶቹም ሲያገቡ የአባታቸውን ስም አይጥሉም ነበር። ቋሚ የቤተሰብ ስም እዚያ በሕግ ግዴታ የሆነው በ1923 ነው። አሜሪካ የመጡት ላይ ግን ስሙ እንደ ሲሚንቶ ደረቀባቸው። በዚያ ሕንጻ ውስጥ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ የማያስፈልገው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። የሳትኩትም እኔው።

በሳምንቱ የሉተራኖቹ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የጋብቻ መዝገቡ በኖርዌጂያንኛ ነው፣ ቄሱ ጽሕፈታቸው ያምራል። የሙሽራው አባት፦ ኦሌ። የተወለደበት የእርሻ ቦታ ስም እንኳ አለ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። እናትየው በቀደመው ክረምት አርፈው ኖሮ ከግራናይቱ አጠገብ ተቀብረዋል። ድንጋዩ «የፒተር ልጅ» ይላል። ልጃቸው ጋ ደወልኩ። ደግ ሰው ነው። «ድንጋይ ውድ ነው፤ እናቴ ደስ ብሏት ነው የሞተችው፣ ተወው» አለኝ። ተውኩት።

አሁን የድንጋዩ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አለ። ፒተር ላይ የተንጠለጠሉ የዘር ሐረጎች አይቻለሁ፤ አንዱ ካንዱ ገልብጧል። ልጄ፣ ባንድ ማታ የወጡልሽ ስድስት ትውልዶች ውስጥ የእኔ ዓርብ ከሰዓት ሊኖርበት ይችላል።

ታላላቆቻችሁን ጠይቁ የሚለውን አልደግመውም፤ ሰልችቷችኋል። የመሬት ፋይሉን ግን አትለፉት። በ1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ በድሮው ልካችን ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ ነው። አምስት ዓመት ኖሮ፣ አርሶ፣ ሁለት ምስክር አቁሞ ነው ባለቤት የሚሆነው። የቤቱ ስፋት፣ ያረሰው መሬት፣ የዜግነት ወረቀቱ፣ ሁሉም ዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ባለው ፋይል ይገኛል። የ1890 ቆጠራ ከእሳት አደጋ በኋላ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፣ አትድከሙ። ሚኒሶታ በ1885 እና በ1895 የራሷን ቆጥራለች፣ እሱን እዩ። የመሬት ፋይሉን ስታዩ ግን ሕጉ የወጣበትን ዓመት አትርሱ። በዚያው በ1862 የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ዳኮታዎች የተዋጉበት የዳኮታ ጦርነት ተነሳ፤ በታኅሣሥ 38 የዳኮታ ሰዎች ማንካቶ በምትባል የሚኒሶታ ከተማ ባንድ ቀን ተሰቀሉ። «መሬት አቀኑ» ስንል ባዶ መሬት አልነበረም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን ሳነሳ ቡናው ቶሎ ያልቅ ነበር።

የዛሬ ልጆች ችኩሎች ናችሁ። የዘር ሐረግ ድረ ገጹ ላይ ያለችውን የቅጠል ምልክት ስትነኩ አያት የሚወጣ ይመስላችኋል። ይህን የሚላችሁ ደግሞ ለጎማ ብሎ የሰው አባት የቀየረ ሰው ነው። እንዲያውም ጉልበቴን ስላመመኝ የኖርዌይን የቤተ ክርስቲያን መዝገቦች አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልክ ነው የማየው፤ በነፃ ለቀውታል። ቢሆንም ንጂ። የጋብቻ መዝገቡን በዓይንሽ እዪው፤ ከመስመሩ ጎን በእርሳስ የተጫረ ነገር ካለ ስካኑ ላይ ላይታይ ይችላል።

ጡረታ ስወጣ አንድ ገጽ ማስታወሻ ትቻለሁ። ድንጋዩ ተሳስቷል፣ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አባቱ ኦሌ ነው ይላል። ስሜንና የአባቴን ስም ጽፌ ፈረምኩ። አዲሷ ሠራተኛ ፋይሉን አመሰግናለሁ ብላ ተቀበለችኝ፣ በአባቴ ስም ፊደል ሥርም አስቀመጠችው። ስትሄጂ እዚያ ፈልጊው።