በምረቃ ቀን የታየ ግቢ

ጥያቄ፦

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ልጄ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት፤ ሐሳቧ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ መማር ነው። የዩኒቨርሲቲ ምርጫዋን ከመሙላቷ በፊት በዓይኗ ትየው ብለን እኔና አባቷ ሁለት ግቢ ይዘናት ሄድን። አንደኛውን ያየነው የአክስቷ ልጅ ሲመረቅ ነው። ሣሩ ለምልሞ፣ ዛፉ ተከርክሞ፣ ሰዉ ሁሉ ለብሶና ደምቆ ስላየችው ወዲያው ወደደችው። ሁለተኛው ዘንድ የሄድነው በየካቲት፣ በሥራ ቀን ነው። ነፋሱ አቧራ ያነሳል። ጥበቃዎቹ መታወቂያችንን ተቀብለው «ማንን ፈልጋችሁ ነው?» እያሉ በር ላይ አቆዩን፤ የሄድንበት ቢሮ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አለን፤ ካፌው በር ላይ የተማሪው ሰልፍ ረጅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጄ «እዚያ ብመደብ አልሄድም» ብላለች። አባቷ ደግሞ በትምህርቱ የሚሻለው እሱ ነው ባይ ነው።

የምንኖረው ሀዋሳ ስለሆነ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲን «የምናውቀው ነው» ብለን አልጎበኘነውም። በአንድ ቀን ያየነውን ምን ያህል እንመን? እንደገና ብንሄድስ ምን እንይ፣ ማንን እንጠይቅ?

እናት ነኝ፣ ከሀዋሳ

መልስ፦

ውድ እህታችን፣ ያወዳደራችሁት የአንዱን ድግስ ከሌላው አዘቦት ጋር ነው። ምረቃ በብዛት የሚውለው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ሣሩን ያለመለመው ዝናቡ ነው። ከምረቃው በፊት ባሉት ሳምንታት የመንገዱ ጠርዝ ይቀባል፣ ቁጥቋጦው ይከረከማል። ከነባሩ ተማሪ ብዙው ፈተናውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ስለሚሄድ ሰልፍ አይታይም፣ ውሃም ይበቃል። በየካቲት ያያችሁት ግቢ ግን ተማሪ ሞልቶበት፣ ትምህርት ላይ እያለ ነው። ስለ ግቢ ኑሮ ብዙ የነገራችሁ ያ ደስ ያላላችሁ ጉብኝት ነው። ጥበቃው መታወቂያ መጠየቁንም በክፉ አትዩት፤ ነገ ልጅዎ የምታድረው ከዚያ በር ጀርባ ነው።

ልጅዎ «አልሄድም» ማለቷ ግን ያሳስበኛል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ በአብዛኛው የትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ተማሪ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፣ የሚደርሰው ግን እንደ ውጤቱና እንደ ቦታው ነው። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ምርጫ ሊደርሳት ስለሚችል ከወዲሁ በር መዝጋት አይበጃትም። ሌላም አለ፦ የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት) ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም ከተመለሰ ወዲህ ገቢ ተማሪ በቀጥታ ሶፍትዌር አይገባም። የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፣ ከዚያ በውጤቱና ዲፓርትመንቱ ባለው ቦታ ይመደባል። ስለዚህ በየግቢው ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት «ባለፈው ዓመት ሶፍትዌር ስንት ተማሪ ተቀበለ? የመጨረሻው የገባው በስንት ነጥብ ነው?» የሚለውን ነው። ሬጅስትራር ወይም የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ያውቀዋል።

አዳማን እያሰባችሁ ከሆነ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎቹን በራሱ የመግቢያ ፈተና ሲቀበል የቆየ ነው። ምዝገባው ለብቻው ስለሚወጣ የሚኒስቴሩን ቅጽ ብቻ የሚጠብቅ ቤተሰብ ቀኑ ያልፈዋል፤ ማስታወቂያውን ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ተከታተሉ።

የሀዋሳውን «እናውቀዋለን» ያላችሁትን አልቀበለውም። በ1992 ዓ.ም ቀድሞ የነበሩ ኮሌጆች ተዋህደው የተመሠረተ ስለሆነ አንድ በር ያለው ግቢ አይደለም። ዋናው ግቢ፣ ቴክኖሎጂ፣ ግብርናና ሪፈራል (የሕክምናው ግቢ) ከተማው ውስጥ ናቸው፤ ወንዶ ገነት፣ ይርጋለም ያለው አዋዳና በንሳ ዳዬ ደግሞ ከከተማው ውጭ። ከሌላ ከተማ የሚመጣ ወላጅ ፍቅር ሐይቅ ተናፍሶ፣ አሞራ ገደል ዓሣ በልቶ ሲመለስ የሐይቁን ውበት ለዩኒቨርሲቲው ይሰጠዋል። እናንተ ደግሞ በአጥሩ በኩል በባጃጅ ስላለፋችሁ ውስጡን ያያችሁት ይመስላችኋል። ልጅዎን የሚመለከታት የቴክኖሎጂ ግቢ ነው፤ ፍሬሽማኖች የትኛው ግቢ እንደሚያድሩም ጠይቁ፣ የግድ አንድ ላይ ላይሆን ይችላልና።

ወደ ጉብኝቱ ልግባ። ቀኑ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ቢሆን ይመረጣል፤ ትምህርት ላይ መሆናቸውን ቀድማችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ፣ የየዩኒቨርሲቲው የጊዜ ሰሌዳ ይለያያልና። ለሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ብታሳውቁ በር ላይ የምትጠሩት ስም ይኖራችኋል። መታወቂያ ሁላችሁም ያዙ። ላፕቶፕ ካለ ስትገቡ አስመዝግቡት፣ አለዚያ ስትወጡ ያጣላችኋል። ጠዋት 2 ሰዓት ደርሳችሁ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ብትቆዩ ደግ ነው። ብዙ ቤተሰብ 5 ሰዓት ገብቶ 8 ሰዓት ስለሚወጣ ካፌውን እንጂ ግቢውን አያይም።

የሴቶች ዶርም አባትን አያስገባም። እናትንም ፕሮክተሯ (የዶርሙ ተቆጣጣሪ) ከፈቀደች ነው። ከገባችሁ ፍራሹን ትታችሁ ኮሪደሩን እዩ። በየበሩ ቢጫ ጄሪካን ተደርድሮ ካገኛችሁ ውሃው በፈረቃ ይመጣል ማለት ነው፤ ጄሪካኖቹ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ከበዙ ግፊቱ ላይኛው ፎቅ አይደርስም፣ ተማሪዋም በደረጃ ትሸከማለች። የመጸዳጃ ቤቱ በር ከውስጥ ይቆለፋል? ከላይብረሪ እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ መብራት አለው? እስከ ምሽት ቆዩ ያልኩት በተለይ ለዚህ ነው፤ ምሰሶው ላይ አምፖል መኖሩ ማታ እንደሚበራ ማስረጃ አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ላይብረሪውንና ዶርሙን ይይዛል ወይስ ቢሮዎቹን ብቻ የሚለውንም ጠይቁ።

የኮምፒውተር ላብ ስትገቡ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ትታችሁ በርተው የሚሠሩትን ቁጠሩ። በሩ ላይ የተለጠፈውን የላብ ፕሮግራም አንብቡ፤ አንድ ክፍል ስንት ሴክሽን እንደሚጋራው እዚያ ላይ ይታያል። ሽፋኑ አቧራ የያዘ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ያልተነካ ነው። ላይብረሪም እንዲሁ ነው፦ ከመደርደሪያው ይልቅ በፈተና ሰሞን መቀመጫ መገኘቱን፣ ሶኬቶቹ መሥራታቸውንና የሚዘጋበትን ሰዓት አጣሩ።

የዲፓርትመንት ኃላፊውን ካገኛችሁ የመውጫ ፈተናን አንሱ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ ይወስደዋል፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። «ባለፈው ዓመት ከናንተ ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ?» ቀጥተኛ ጥያቄ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። ለትምህርት የወጡ መምህራን ስንት እንደሆኑና ኮርሶቻቸውን ማን እንደሚሸፍንም ጠይቁ። የልጅዎ አባት «በትምህርቱ ይሻላል» ያሉት የሚለካው እዚህ ላይ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ከሆኑ ጸሐፊዋ ዘንድ ቀጠሮ አስይዙ እንጂ ተቆጥታችሁ አትውጡ።

ዋናው ወሬ ያለው ግን ተማሪ ዘንድ ነው፣ ተማሪ ደግሞ በእናትና በአባት ፊት ይሉኝታ ይይዘዋል። «ግቢው እንዴት ነው?» ብትሉት «ደህና ነው» ይላችኋል። ስለዚህ እናንተ ላውንጅ ሻይ እየጠጣችሁ ልጅዎ ከአንዲት የሁለተኛ ዓመት የቴክኖሎጂ ተማሪ ጋር ግማሽ ሰዓት ብቻቸውን ይሁኑ። ጥያቄዎቿም ቀን ያላቸው ይሁኑ። «የውሃ ችግር አለ?» ከማለት «ትናንት ማታ ውሃ ነበር?» ይሻላል። «ባለፈው ሳምንት ስንት የላብ ክፍለ ጊዜ ነበራችሁ፣ ስንቱ ቀረ?» «ሌሊት ሲያምሽ ክሊኒኩ ማን አለ?» «የሥርዓተ ፆታ ቢሮው ለሴቶች ቱቶሪያል ያዘጋጃል? አንቺ ገብተሽ ታውቂያለሽ?» የዶርሙ በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ነን ካፌ የሆኑት (በግቢው ካፌ የማይመገቡት) ለምን እንደወጡም ትጠይቅ። የካፌውን ምግብ ከሰልፉ ርዝመት ይልቅ ትተውት የወጡት ይነግሯታል።

ማታ ስትመለሱ መኪና ውስጥ ፍርድ አትስጡ። ሦስታችሁም ያያችሁትን ለየብቻ ጻፉ፤ ከዚያ ልጅቱ መጀመሪያ ትናገር፣ አባቷ መጨረሻ። አባት ቀድሞ ከተናገረ የእሷን እውነተኛ ስሜት አታገኙትም። ያንን በየካቲት ያያችሁትን ግቢ እንደገና ጎብኙት፤ በምረቃ ቀን ያያችሁትንም በትምህርት ሰሞን እዩት፤ ልጅዎ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ጥያቄ ትመዝናቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ ስለቆየ እሷም ለፈተና ዶርም ልታድር ትችላለች፤ የዚያን ሰሞን መጨናነቅ ግን ለዓመቱ መለኪያ አታድርገው።

ምደባው የትም ይሁን የትም የ9–12 ትራንስክሪፕት ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅና የሎከር ቁልፍ ከወዲሁ አዘጋጁ። ሀዋሳም አዳማም ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆኑ ወባ አለ፤ አጎበር ያስፈልጋታል። ዶርሙን ስታዩ ተደራራቢው አልጋ ማንጠልጠያ እንዳለው ተመልከቱ፤ ከሌለው ገመድና ጥቂት ምስማር ጨምሩላት።