«ቫይታል ሳይን ብቻ» ላልሽኝ እህቴ

በድንገተኛ ክፍል ቴክኒሻንነት ሁለት ዓመት ሠርተሽ «ቃሬዛ ከመግፋትና ቫይታል ሳይን (የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የደም ግፊትና ሙቀት ልኬት) ከመውሰድ በቀር ምንም አልተማርኩም» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ታላቅ ወንድምሽ ሥራውን ለቀሽ፣ ተበድረሽም ቢሆን ነርሲንግ ግቢ ይልሻል። የሌሊት ተራውም አድክሞሻል።

«ቫይታል ሳይን ብቻ» የምትለዋን ግን ዝም ብዬ ላልፋት አልቻልኩም። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ ትንፋሽ ስትመዘግቢ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥሪያለሽ ወይስ 20 ብለሽ ታልፊያለሽ? እኔ ጀማሪ ሳለሁ ለሁሉም 20 ነበር የምጽፈው። አንድ ሌሊት ነርሷ ካርዱን ይዛ በሽተኛው አጠገብ አቆመችኝና «በል ቁጠር» አለችኝ። 34 ሆኖ አገኘሁት። የደም ግፊቱ ገና ደህና ነበር፤ ትንፋሹ ግን ቀድሞ ተናግሯል። ያን ሌሊት ያፈርኩት እስካሁን አልለቀቀኝም።

ኢሲጂም (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት የሚያሳየው ምርመራ) እንደዚያው ነው። ደረቴን አመመኝ ብሎ ለመጣ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ተሠርቶ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ የሚሠራውም ብዙ ጊዜ ቴክኒሻኑ ነው። ደረት ላይ የሚለጠፉት ቪ1 እና ቪ2 ቦታቸው አራተኛው የጎድን አጥንቶች ክፍተት ነው፤ ከፍ አድርገሽ ከለጠፍሻቸው ወረቀቱ የሌለ በሽታ ሊያሳይ ይችላል። ሊድ 1 (ከሁለቱ ክንዶች የሚነበበው መስመር) ተገልብጦ ካየሽ የሁለቱ ክንዶች ሽቦ ተለዋውጦ እንደሆነ ፈትሺ። ደም ስትቀጂም ሲሪንጁን በኃይል ከሳብሽ ቀይ ሴሎቹ ይፈነዱና ፖታሲየሙ በሐሰት ከፍ ይላል።

ስለዚህ በየተራሽ አንድ ኢሲጂ ምረጪ፤ መጀመሪያ ራስሽ ገምቺ፣ ከዚያ ሐኪሙን ጠይቂ። ግምትሽንና መልሱን የበሽተኛ ስም ሳትጽፊ በደብተር ያዢ። ስፕሊንት (የተጎዳ እጅ ወይም እግር መደገፊያ) ማሰርም ሆነ ሌላ ሥራ ለቴክኒሻን መፈቀዱን ከኃላፊሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ከተፈቀደው ውጪ አትንኪ።

ወንድምሽን ደግሞ ብድሩን ማን እንደሚከፍል ጠይቂው። «እኔ» ካላለ፣ ሐሳቡን አመስግነሽ እለፊው። ነርስነቱን ከፈለግሽ ደሞዝሽን ሳትለቂ በማታ ጀምሪ። እኔ እንዲያ ነው የተማርኩት፤ ይረዝማል፣ ክፍል ውስጥ ግን ስለ ልብ ሲወራ የሰው ፊት ነበር የሚታየኝ።

ለሌሊቱ ተራ ያለኝ መላ አጭር ነው፤ ጠዋት ቤት ስትገቢ ስልክሽን አጥፊ፣ መስኮቱን ጋርጂ፣ ተኚ።